ኮሮላዋ ዋጋ ጨመረች፤ ባለቤቷስ አተረፉ?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ ጋራዥ ሦስት የቶዮታ ኮሮላ ባለቤቶች ተራቸውን እየጠበቁ ይጨዋወታሉ። አንደኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛው ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉ አዛውንት ናቸው።

«የኔዋ አምስት ዓመት ሙሉ ከዘይትና ከጎማ በቀር ምንም አልጠየቀችኝም። ኮሮላ አትበላሽም» አሉ ነጋዴዋ።

«እኔ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በ170 ሺህ ብር ገዛኋት። አሁን ደላሎቹ 900 ሺህ አምጥተን እንውሰድ እያሉኝ ነው። ልጆቼን አመላልሼባትም አተረፍኩ» ሲሉ መምህሩ ቀጠሉ።

አዛውንቱ ፈገግ አሉና «ለመሆኑ መምህር፣ እስከ ዛሬ ስንት አስወጣችዎ?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ መልስ አልነበራቸውም። መልሱን ሳያገኙም መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና «ጋሼ፣ ዘይት የምትበላው በፋሻው በኩል ይመስለኛል። ቴስታታውም ሳይጎዳ አልቀረም። ሞተሩ መውረድ አለበት» አላቸው።

የመምህሩ ፊት ተለወጠ። መኪናዋ የቤተሰቡ ትልቁ ጥሪት ናት። የመጀመሪያ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እሷን ሸጠው ወጪውን ለመሸፈን አስበው ነበር። አብሯቸው የመጣ አንድ ደላላ ጠጋ ብሎ «ምን ያስጨንቅዎታል? ወፍራም ዘይት ይሞላላትና በዚህ ሳምንት ትሸጣለች» አላቸው።

በዚያች አጭር ጨዋታ ውስጥ ብዙ የቤት አውቶሞቢል ባለቤቶች የሚሳሳቱባቸው ሦስት ነገሮች ተነስተዋል። ዋጋ መጨመር ትርፍ ነው ወይ? «አትበላሽም» የሚባለው ወሬ ምን ያህል ይታመናል? የተበላሸ መኪና ይጠገን ወይስ ይሸጥ? የዛሬው ትምህርታችን በእነዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የመኪና፣ የዕቃና የጥገና ዋጋዎች ለስሌት እንዲያመቹ የተጠጋጉ ምሳሌዎች እንጂ የገበያ ዋጋ ማስታወቂያ አይደሉም። አንባቢ የራሱን ቁጥር በቦታቸው ሊተካ ይችላል።

የብር ቁጥርና የመኪና ዋጋ

የመምህሩ ስሌት በብዙ ቤት ያለ ስሌት ነው። 170 ሺህ ተገዛች፣ 900 ሺህ ተጠየቀች፣ ልዩነቱ 730 ሺህ ብር ትርፍ ነው ይባላል። ስህተቱ የ2003 ዓ.ም. ብርና የዛሬው ብር አንድ ዓይነት መለኪያ ተደርገው መወሰዳቸው ነው።

በ2003 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 17 ብር ይጠጋ ነበር። መምህሩ የከፈሉት 170 ሺህ ብር እንግዲህ 10 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በዶላር አንጻር 15 በመቶ ዝቅ እንዲል ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 10 ሺህ ዶላር በ100 ብር ሲባዛ 1 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ስለዚህ 900 ሺህ ብር የተሰጣት መኪና በዚያ ተመን እንኳ 100 ሺህ ብር ጎድላለች ማለት ነው። ዶላሩ ከ100 ብር በላይ በራቀ ቁጥር ጉድለቱም ይሰፋል። በዶላር መቁጠር የማይወድ ሰው ያኔ በ170 ሺህ ብር ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ እንደነበር፣ ዛሬ ደግሞ በ900 ሺህ ብር ስንት እንደሚገዛ ያስላ። ያው መልስ ላይ ይደርሳል።

ይህ ማለት ግን መምህሩ ተሞኙ ማለት አይደለም። 170 ሺህ ብሩን ባንክ አስቀምጠው በየዓመቱ 7 በመቶ ወለድ ቢያገኙ ኖሮ በ14 ዓመት 440 ሺህ ብር ገደማ ይደርስ ነበር። መኪናዋ ከባንክ ሂሳቡ በተሻለ ዋጋዋን ጠብቃለች። ልዩነቱ የባንክ ሂሳብ ቤንዚንና ጎማ የማይጠይቅ መሆኑ ላይ ነው። መኪና ዋጋዋን ብትጠብቅም በየቀኑ ትበላለች። አተረፈች ወይስ አከሰረች ለማለት የበላችው መታወቅ አለበት።

ኮሮላ ዋጋዋን ለምን ትጠብቃለች?

ኮሮላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጃፓን ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም የተሸጠችው ብዛት ከ50 ሚሊዮን አልፏል። እንዲህ በብዛት የተሠራ መኪና ሦስት ነገሮችን ይዞ ይመጣል። አንደኛ፣ የመለዋወጫ ዕቃ አቅራቢው ብዙ ነው፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ የገባ ሰው ካንዴላ ይፈልግ ኩሽኔታ፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ የኮሮላ ዕቃ አያጣም። ሁለተኛ፣ መካኒኩ በልምምድ ዘመኑ የፈታውና የገጠመው እሷን ስለሆነ እጁ ያውቃታል። ሦስተኛ፣ ገዢው ስለሚያውቃት ለመሸጥ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ሦስቱ እርስ በርስ ይመጋገባሉ። ባለቤት ሲበዛ ዕቃ ይበዛል፤ ዕቃ ሲበዛ ጥገናው ይረክሳል፤ ጥገናው ሲረክስ ደግሞ ባለቤት ይበዛል። በጥራቷ የማትተናነስ ሌላ መኪና ብዙ ሰው ካልያዛት አንድ የፊት መብራት ለማግኘት ወር ልትቆም ትችላለች። ስለዚህ ለኮሮላ የሚከፈለው ዋጋ የብረቱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ ያለው ገበያ ዋጋም ነው።

በዚህ ላይ የመንግሥት እርምጃ ተጨመረ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። ፈላጊው ሳይቀንስ የሚገባው ሲቀንስ አገር ውስጥ ያለው ይወደዳል። ይህ ባለቤቱ ደክሞ ያመጣው ዋጋ አይደለም። በውሳኔ የመጣ ዋጋ በሌላ ውሳኔ፣ ወይም የኤሌክትሪክ መኪኖች በመብዛታቸው ሊሄድ ይችላል። የልጁን የትምህርት ወጪ በእንዲህ ያለ ዋጋ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

«አትበላሽም» የሚሉት እነማን ናቸው?

የነጋዴዋ ምስክርነት ሐሰት አይደለም። ሆኖም ጋራዥ ቁጭ ብለው ስለ ኮሮላ ጥንካሬ የሚያወሩት መኪናቸው ዛሬም የሚሄድላቸው ሰዎች ናቸው። ሞተሯ የተቃጠለው ኮሮላ ተፈታትታ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች፤ ባለቤቷም ከጨዋታው ወጥተዋል። ከጦርነት ከተመለሱት ብቻ ጠይቆ «ጦርነት ሰው አይገድልም» እንደማለት ነው። የባለቤቶችን ወሬ ስንሰማ ያልተገኙትንም መቁጠር ይገባናል።

ሁለተኛው ጥያቄ «የትኛዋ ኮሮላ?» የሚለው ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መኪናዎቹ ብዙ ናቸው። የመምህሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ስትሆን የሞተሯን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው የላስቲክ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ኪ.ሜ. ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። ሲበጠስ በአንዳንዶቹ ሞተሮች መኪናዋን መንገድ ላይ ያቆማታል፤ በሌሎቹ ደግሞ ቫልቮቹን ከፒስቶን ጋር አጋጭቶ ያጣምማል። የነጋዴዋ ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ ከወጡት ናት። ከእነዚህ አብዛኞቹ በቺንጊያ ፈንታ ሰንሰለት አላቸው። ሰንሰለት ዕድሜው ረጅም ነው፤ የሚያጠፋው ግን የዘይት መጉደልና መቆሸሽ ነው። ከዚያው ዘመን መጀመሪያ 1.8 ሊትር ሞተር የያዙት አንዳንዶቹ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ስለዚህ የአንዷን ጠባይ ለሌላዋ መስጠት አይቻልም።

የራዲያተር ክዳን ያመጣው ጣጣ

የመምህሩ መኪና እዚህ የደረሰችው በእርጅና ብቻ አልነበረም። መካኒኩ ሲጠይቃቸው መምህሩ ባለፈው ዓመት የጣርማ በርን አቀበት ሲወጡ ሁለት ጊዜ እንደፈላች አስታወሱ። ሁለቱንም ጊዜ ውኃ ጨምረው ቀጥለዋል። የራዲያተሯ ክዳን ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በውስጧ ያለውም የቧንቧ ውኃ ብቻ ነው።

ይህ ለከፍተኛ ቦታ ነዋሪዎች የተለየ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። እዚህ ክዳን በሌለው ድስት የተጣደ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የመኪና ሞተር በጤናው የሚሠራው ደግሞ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው። አፍኖ ይይዝና ግፊት ይፈጥራል፤ የመፍያውን ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ካላፈነ ጤነኛው ሞተር ራሱ ለመፍላት ቅርብ ነው። አቀበት ሲጨመርበት ይፈላል። ሲፈላ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ የፒስቶኑ ፋሻ ጉልበቱን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ዘይት መብላት ይጀምራል። ለራዲያተር የተዘጋጀው ቀለም ያለው ፈሳሽም ከውኃ የሚለየው በመፍያው ከፍታ ብቻ ሳይሆን የብረቱን ዝገት በመከላከሉ ጭምር ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ትንሹ ወጪ ሲዘለል ትልቁ ወጪ እንደሚመጣ ነው። የአንድ ክዳን ዋጋ ሞተር ለማውረድ ከሚጠየቀው ከመቶ አንድ እጅ ላይሞላ ይችላል።

የአዛውንቱ ደብተር

አዛውንቱ መኪናቸውን ከገዙበት ቀን ጀምሮ የሚጽፉባት አንዲት ባለካሬ ደብተር አለቻቸው። ስድስት ዓምድ አላት፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተሠራው ሥራ፣ ዕቃው ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ፣ ዋጋ፣ ደረሰኝ። እንዲህ ባለ ደብተር የአንድ ዓመት ወጪ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እናሳይ። መኪናዋ በዓመት 10 ሺህ ኪ.ሜ. ትሄዳለች፣ በመቶ ኪ.ሜ. 9 ሊትር ትጠጣለች፣ የቤንዚን ዋጋም በሊትር 120 ብር ነው እንበል።

ቤንዚን፣ 900 ሊትር፦ 108 ሺህ ብር
ዘይትና ፊልትሮ፣ በየ5 ሺህ ኪ.ሜ. ሁለት ጊዜ፦ 12 ሺህ ብር
ጎማ፦ 8 ሺህ ብር
ለቺንጊያ መተኪያ የሚቀመጥ፦ 4 ሺህ ብር
የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላና ሌሎች ጥቃቅን፦ 14 ሺህ ብር
መድን፣ ቦሎና ዓመታዊ ምርመራ፦ 24 ሺህ ብር
ለድንገተኛ ትልቅ ጥገና የሚቀመጥ፦ 20 ሺህ ብር
ጠቅላላ፦ 190 ሺህ ብር

190 ሺህ ብር ለ10 ሺህ ኪ.ሜ. ሲካፈል በኪሎ ሜትር 19 ብር ይሆናል። ቤንዚኑን ብቻ የሚቆጥር ሰው ግን 10 ብር ከ80 ሳንቲም ብቻ ወጣብኝ ይላል። ቀሪው 8 ብር ከ20 ሳንቲም ዓመቱን ሙሉ ተደብቆ ይቆይና አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። በስልክ ጥሪ የታክሲ ሥራ የሚሠራ ሹፌር ታሪፉን ከቤንዚኑ ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ከሆነ ትርፍ ብሎ ወደ ቤቱ የሚወስደው የመኪናውን አካል ነው።

ሁለት መስመሮች ማብራሪያ ይሻሉ። የጎማውን እንይ። አራት ጎማ 40 ሺህ ኪ.ሜ. የሚያገለግል ከሆነ በዓመት 10 ሺህ ኪ.ሜ. የምትሄድ መኪና በየዓመቱ አንድ ሙሉ ጎማ ትበላለች ማለት ነው። ባይቀየርም ወጪው ወጥቷል። ቺንጊያውም እንዲሁ ነው። በየ80 ሺህ ኪ.ሜ. የሚቀየርና ሥራውን ጨምሮ 32 ሺህ ብር የሚፈጅ ከሆነ በየዓመቱ 4 ሺህ ብር ይቀመጥለታል። ያን ጊዜ የስምንተኛው ዓመት ወጪ ዱብ ዕዳ አይሆንም፤ ከተቀመጠው ይከፈላል።

ደብተሩ የዕቃ ምርጫንም ያስተምራል። ኦሪጅናል የፍሬን ሸራ 6 ሺህ ብር ተገዝቶ 40 ሺህ ኪ.ሜ. ቢሄድ፣ ኮፒው ደግሞ 2 ሺህ ብር ተገዝቶ 10 ሺህ ኪ.ሜ. ቢሄድ፣ የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር 15 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 20 ሳንቲም ያስወጣል። ሦስት ተጨማሪ የእጅ ዋጋም አለበት። ኮፒ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የበር እጀታ ኮፒ ቢሆን ሰው አይጎዳም። ዋጋው ግን በብር ብቻ ሳይሆን በሄደው ኪሎ ሜትር ይለካ።

ይጠገን ወይስ ይሸጥ?

ወደ መምህሩ እንመለስ። መጀመሪያ የተናገሩት «ባለፈው ዓመት ለጎማና ለፍሬን 60 ሺህ ብር አውጥቼባታለሁ፤ እንዴት እሸጣታለሁ?» የሚል ነበር። ያ ገንዘብ ወጥቷል። ቢሸጡም ቢጠግኑም ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ከዛሬው ስሌት ውጭ መሆን አለበት። የሚጠየቀው ከዛሬ ወዲያ የሚወጣውና የሚገባው ነው።

መኪናዋ ጤነኛ ብትሆን 900 ሺህ ብር ታወጣለች። ችግሯ ተነግሮ ብትሸጥ 720 ሺህ ብር ታወጣለች እንበል። ልዩነቱ 180 ሺህ ብር ነው። ጥገናው ከዚህ በታች ከሆነ መጠገን ያዋጣል፤ ከዚህ በላይ ከሆነ እውነቱን ተናግሮ መሸጥ ይሻላል። መካኒኩ በግምት 120 ሺህ ብሏል። ግምት ግን ሞተሩ ሳይከፈት የተሰጠ ነው። ከተከፈተ በኋላ 220 ሺህ ቢሆንስ? በዚህ ጊዜ አስቀድሞ በጥቂት ብር የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ማስለካት ከሁሉ የሚሻል ወጪ ነው፤ የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን መረጃ ነው።

የደላላው ምክርስ? በወረቀት ላይ የሚያዋጣው እሱ ይመስላል፤ ያለ ጥገና 900 ሺህ ብር። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ያስረዱት ይህንኑ ነው። ሻጭ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢ መታለልን ስለሚፈራ ለሁሉም መኪና ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ መሸጥ ስለማይፈልግ ይወጣል። ገበያው ውስጥ የሚቀሩት የተበላሹት ይሆናሉ። አከርሎፍ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ተቀብለዋል። በወፍራም ዘይት የሚሸጥ እያንዳንዱ መኪና የሚሰርቀው ከአንድ ገዢ ብቻ አይደለም። የደህናዎቹንም ሻጮች ዋጋ ይቀንሳል። ገዢውም እንደ መምህሩ ሁሉ ጥሪቱን ያፈሰሰ የቤተሰብ ኃላፊ ነው።

ገዢ ራሱን ለመከላከል ጥቂት ነገር ማድረግ ይችላል። መኪናዋን ሞተሯ ሳይሞቅ፣ ጠዋት ያስነሳት። ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ዘይት ትበላለች። ሞተሯ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍት አየር እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው ደክሟል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት የዘይት ቅባት ካየ ጓርኒሲዮኑን ይጠርጥር። ከዚያ በኋላ ሊብሬዋን ከታርጋዋና ከሻንሲ ቁጥሯ ጋር ያመሳክር። ከሁሉ በላይ ግን ደብተር ይጠይቅ።

የደብተሩ ሁለተኛ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። አዛውንቱ መኪናቸውን ሊሸጡ ቢነሱ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ቺንጊያው በስንት ኪሎ ሜትር እንደተተካ ከነደረሰኙ ያሳያሉ። ይህን የሚያሳይ ሻጭ ገዢ የሚፈራውን ስለሚያስወግድለት የተሻለ ዋጋ ለመጠየቅ መብት አለው። የአሥር ዓመት ደረሰኝ በአንድ ሌሊት አይሠራም። ስፔንስ ያስተማሩትም ይኸው ነው፤ የሚታመነው ምልክት አስመሳይ በቀላሉ ሊሠራው የማይችለው ነው።

መምህሩ ኮምፕሬሽኑን አስለኩ። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ብቻ ደክሞ ተገኘ። ሞተሩ ወረደ፤ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካከለ፤ ፋሻው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ቺንጊያውና የራዲያተሩ ክዳን ተለወጡ። ጠቅላላ ወጪው 135 ሺህ ብር ሆነ፤ ከ180 ሺህ በታች ስለሆነ ስሌቱ አልሳተም። ገንዘቡን የከፈሉት ግን ከትምህርት ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድረው ነው። በየዓመቱ 20 ሺህ ብር ቢያስቀምጡ ኖሮ ብድሩ ባላስፈለገ ነበር።

መኪናዋን ሊረከቡ በመጡበት ቀን አዛውንቱም ለዘይት መጥተው ነበር። መምህሩ ከቦርሳቸው አዲስ ባለካሬ ደብተር አውጥተው አሳዩዋቸው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና 135 ሺህ ብሩ ተጽፈዋል።

«ዘገዩ እንጂ ጀምረዋል» አሉ አዛውንቱ። «የክዳኑን ዋጋ ለብቻው ይጻፉት፤ ልጅዎ አንድ ቀን ያነበዋል»።